ድፍን ብርና ይሉኝታ

ፎርጅድ ብር ሰዓት ያውቃል። ረፋድ ላይ፣ ፀሐይዋ እስከ ባንኮኒው ድረስ ገብታ የስኳሩን ጆንያ በምታሞቅበት ሰዓት ብቅ አይልም። እሱ የሚወደው ማታ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢን ነው። መብራት ሄዷል። ባለሱቁ የስልኩን ባትሪ ከአገጩ ሥር ሸጉጦ ዘይት ይቀዳል። ሦስት ልጆች "አንድ ሻማ! አንድ ሻማ!" እያሉ ባንኮኒውን ይደበድባሉ። ከልጆቹ በስተኋላ አንድ ትሑት ሰው ተራውን ይጠብቃል። ተራው ሲደርስ የሚገዛው አንድ ሳሙናና አንድ ክብሪት ነው፤ የሚከፍለው ግን ድፍን ሁለት መቶ ብር።

"ዝርዝር አይጠፋም መቼም፣ ወንድም ጋሼ?"

አይጠፋም። ቀኑን ሙሉ በአሥርና በአምስት ብር የተለቀመ፣ ከሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ የተቀመጠ ዝርዝር አለ። ባለሱቁ ይቆጥራል፣ ትሑቱ ሰው ያመሰግናል፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ገበያውን ያድምቅልህ" ብሎ ይመርቃል። ምርቃቱ እውነተኛ ነው፤ ሳሙናው እውነተኛ ነው፤ መልሱም እውነተኛ ነው። ከዚያ ሁሉ ግብይት ውስጥ እውነተኛ ያልሆነው ከቆርቆሮው የገባው ሐምራዊ ወረቀት ብቻ ነው።

በመርሐ ቤቴዋ ዓለም ከተማ ይህ ሲሆን ጉዳቱን ለማስላት የሒሳብ መምህር አያስፈልግም። ባለሱቋ ከአንድ ኪሎ ስኳር አምስት ብር ታተርፋለች እንበል። አንድ ፎርጅድ ሁለት መቶ ብር ተቀበለች ማለት አርባ ኪሎ ስኳር በነጻ መዝና፣ ቋጥራ፣ "ትንሽ ጨምሪበት እንጂ እትዬ" ተብላ ተጨቃጭቃ ሸጠች ማለት ነው። ጆንያው ሊጋመስ ምንም አልቀረውም። ያ ስኳር ደግሞ ከአዲስ አበባ ተጭኖ፣ በሙከ ጡሪና በለሚ በኩል አልፎ፣ የጀማን ገደል ቁልቁል ወርዶ፣ እንደገና ዳገቱን ወጥቶ ነው መርሐ ቤቴ የደረሰው። 180 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ዕቃ በአንድ ወረቀት ይሸኛል።

ዕቃው በመጣበት መንገድ ብሩም ይመጣል። አይሱዙው ዘይትና ሳሙና ይዞ ይወጣል፤ ጤፍና ማሽላ ይዞ ይወርዳል። በመካከሉ እጅ ከእጅ የሚለዋወጠው ገንዘብ የትኛው ሹፌር፣ የትኛው ረዳት፣ የትኛው ደላላ ኪስ እንደነበረ ማን ያውቃል? በሬ የሸጠ ገበሬ እስር ብር ታቅፎ ከሱቅ ይገባል፤ የልጆቹን ልብስ፣ የሚስቱን ሻሽ፣ ጨውና ቡና ይገዛል። እሱም ብሩን የተቀበለው ከማያውቀው ነጋዴ፣ በግርግር መሐል፣ በሬው እየጎተተው ነው። ብዙ ጊዜ ፎርጅዱን የሚያመጣው ሰው ራሱ የተታለለ ምስኪን ነው። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ምክንያቱም ባለሱቁ የሚፈራው ሌባን አይደለም። የሚፈራው ትዝብትን ነው።

እስቲ አስቡት። ብሩን የሰጡት አባ እገሌ ናቸው። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ባንኮኒው ላይ ደገፍ አድርገው ቆመዋል። የባለሱቁ የክርስትና አባት ወንድም ናቸው። ባለፈው ዓመት እናቱ ስትሞት ሦስት ቀን ድንኳን አልተለዩም። አሁን ይኸ ልጅ የእሳቸውን መቶ ብር ወደ ሰማይ አንሥቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሊያይ ነው? "ምነው ልጄ፣ እኔን ሌባ አደረግኸኝ?" ቢሉትስ? ወሬው ሳይመሽ ገበያውን ያዳርሳል። ስለዚህ ልጁ ብሩን ሳያይ ያጥፈዋል፤ እንዲያውም እንዳላየ እንዲታወቅለት ፊቱን ወደ መደርደሪያው ያዞራል። ፎርጅድ የሚያትመው ሰው ይህን ያውቃል። ማሽኑ የወረቀቱን ውፍረት ባያስተካክልለት፣ ቀለሙ ባይገጥምለት፣ የጎደለውን ሁሉ የሚሞላለት የእኛ ይሉኝታ ነው።

የዱሮ ሰዎች እንዲህ አልነበሩም። ጠገራ ብር በሚሠራበት ዘመን ገበያ የወጣ ሰው ብሩን ተቀብሎ ዝም ብሎ ከመቀነቱ አይከትም። የኦስትሪያይቱን ንግሥት የማርያ ቴሬዛን መልክ አገላብጦ ያያል። በራሷ ላይ ያለው ጌጥ አለመፋቁን ይመረምራል፤ በትከሻዋ ላይ ባለችው የልብስ መያዣ ያሉትን ዕንቁዎች በጥፍሩ እየነካ ይቆጥራል። ከዚያ ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ካልጣመው "ይህን ወስደህ ሌላ አምጣ" ይላል፤ ሰጪው ፊታውራሪም ይሁን ደብተራ። ማንም አይቀየምም ነበር። ተቀባዩ ሳያይ ቢቀበል እንዲያውም ሰጪው ራሱ ይጠረጥረው ነበር።

ይቺ ንግሥት መቼም የጉድ ናት። የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል በስሟ ብር ሲወጣ፣ ሁሉም ላይ የተጻፈው ያው የሞተችበት ዓመት ነው። ቪየና ብቻ ሳይሆን ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ፣ ፓሪስና ብራስልስ አትመውታል። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ የብሩን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ ወሰደና ሮም ላይ ማሳተም ጀመረ፤ እንግሊዝ ደግሞ ገበያው እንዳያመልጣት በቀጣዩ ዓመት የራሷን ቅርጽ ቀርጻ ለንደን ላይ አተመች። የመንግሥት ማኅተም ያላቸው አገሮች የሌላ አገር ሙት ንግሥት ሲያትሙ "ፎርጅድ" ያላቸው የለም። የመርሐ ቤቴ ባላገር ግን በፖለቲካው ሳይሆን በብሩ ይፈርድ ነበር፤ 28 ግራም ከሆነ፣ ብሩ ብር ከሆነ፣ ዕንቁዎቹ ካሉ ይቀበላል።

መልኩ ካልገጠመ ደግሞ የማንም ኃይል አያስገድደውም። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1918 ለኤርትራ ብላ ማርያ ቴሬዛን የምትመስል ሴት የተቀረጸችበት ብር አሠርታ ነበር። ሴትየዋ ደልደል ያለች፣ ዘውድ የደፋች፣ ቁጭ ማርያ ቴሬዛን ልትመስል ምንም ያልቀራት ነበረች። ገበያው ዓይኑን ጣለባትና "አንቺ እሷ አይደለሽም" አላት። ብሩ ሳይለመድ ቀረ። ፊደል ያልቆጠረ የገበያ ሰው የአንድ የአውሮፓ መንግሥትን የገንዘብ ሚኒስቴር ጣል አድርጎ አልፎታል። ዛሬ ኮሌጅ የጨረሰው የልጅ ልጁ በፎቶ ኮፒ ማሽን በታተመ ሁለት መቶ ብር ይበላል።

ወረቀት ሲመጣ ድምፅ ጠፋ። የአቢሲኒያ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1915 የመጀመሪያዎቹን የብር ኖቶች ሲያወጣ ከአዲስ አበባ ነጋዴዎችና ከውጭ ሰዎች በቀር የደፈራቸው ጥቂት ነበር። ወረቀት ድንጋይ ላይ ቢጥሉት አይጮህ! ከዚያ በ1937 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ብር፣ በ1969 ዓ.ም. የደርግ ብር፣ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ኤርትራ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን ስታወጣ የተለወጠው ብር መጣ። በየጊዜው የተለወጠውን ብር ሰው ሳይወድ በግድ ተላመደ፤ ሲላመድ ደግሞ ማየት ተወ።

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የአሥር፣ የሃምሳና የመቶ ብር ኖቶች መለወጣቸውን፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ የሁለት መቶ ብር ኖትም መውጣቱን ሲያስታውቁ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ማጭበርበር ነበር። 2 ነጥብ 9 ቢሊዮን ኖት ታትሟል፤ ለኅትመቱም 3 ነጥብ 7 ቢሊዮን ብር ወጥቷል ተባለ። አሮጌው በሦስት ወር ውስጥ እንዲሰበሰብ ተወሰነ። ያን ሰሞን በየገጠር ከተማው የነበረውን ግራ መጋባት የሚረሳው ነጋዴ የለም። አዲሱን ኖት ያየ ሰው ጥቂት ነው፤ ያላየው ደግሞ የሚያወዳድርበት የለውም። "ይኸ ነው እንዴ?" ብሎ የሚጠይቀው ከራሱ የባሰውን ነው። አንዱ ሽማግሌ እርግብ ያለበትን ሁለት መቶ ብር አገላብጠው "ይኸ የምን ማስታወቂያ ነው?" ብለው መለሱት ይባላል። ተረትም ቢሆን ያምራል፤ እንዲያውም በዚያ ሰሞን ከተደረገው ሁሉ እሳቸው ያደረጉት ሳይሻል አይቀርም፤ የማያውቁትን አልተቀበሉማ። አዲሶቹ ኖቶች ከወጡ ብዙም ሳይቆይ ሐሰተኛ ይዘው የተያዙ ሰዎች ወሬ ከፖሊስ ይሰማ ጀመር። እስከ ዛሬም በዓል በደረሰ ቁጥር፣ እንቁጣጣሽም ሆነ ገና ወይም ፋሲካ፣ "ከሐሰተኛ የብር ኖት ተጠንቀቁ" የሚለው የፖሊስ ማሳሰቢያ ከዶሮና ከሽንኩርት ዋጋ እኩል የሚጠበቅ ዜና ሆኗል።

ታዲያ ማየቱስ እንዴት ነው? ከዓይን በፊት ጣት አለ። እውነተኛ የብር ኖት የሚታተምበት ወረቀት ደብተር የሚሠራበት ዓይነት አይደለም፤ የጥጥ ጭረት ያለው፣ ሲያሹት ቆርፈድ የሚል ነው። ጽሑፉ ላይ ጣትን ሲያሳልፉ ሻከር ይላል፤ ፎርጅዱ ግን ከኮምፒዩተር ማተሚያ የወጣ ወረቀት ነውና ልሙጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ብር የሚቆጥር ሰው ጣት ይህን ከዓይኑ ቀድሞ ያውቃል። ችግሩ ጣቱ "ቆይ" ሲል አፉ "ምን ልጨምርልህ?" ማለቱ ነው።

ቀጥሎ ብርሃን ነው። ኖቱን ወደ ብርሃን ሲያነሡት ከወረቀቱ ውስጥ የተደበቀ ምስል ብቅ ይላል፤ ከላይ እስከ ታች የሚያልፍ ክርም ይታያል። ክሩ ከወረቀቱ ውስጥ የተቀበረ እንጂ በላዩ የተሳለ መሆን የለበትም። ፎርጅድ አታሚዎች ክሩን በብርማ ቀለም ይሥሉታል፤ በጥፍር ሲፍቁት ይላጣል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ብርሃን የምሽቱ የስልክ ባትሪ ቢሆንም ይበቃል፤ ባትሪውን ከኖቱ በስተጀርባ ማድረግ ነው። ከፊት ለፊት ካበሩበት ግን የሚያሳየው ቀለሙን ብቻ ነው፤ ቀለም ደግሞ ፎርጅዱም አለው።

ሌላው ቁጥሩ ነው። እውነተኛ ኖቶች አንዱም ከሌላው ጋር ተመሳሳይ ቁጥር የላቸውም። ፎርጅድ የሚሠራው ሰው ግን ሰነፍ ነው። አንዱን ኖት ስካን አድርጎ ሺህ ጊዜ ያትማል፤ ሺዎቹም አንድ ቁጥር ይይዛሉ። ባለሱቋ ማታ ስትዘጋ ሁለት መቶዎቹን ጎን ለጎን ደርድራ ቁጥራቸውን ብታይ፣ መንትያ ካገኘች ሁለቱም ጉድ ናቸው።

መብራት ያለው ሰው ትንሿን ሐምራዊ የመመርመሪያ መብራት ገዝቶ መጠቀም ይችላል። ተራ ወረቀት ነጭ እንዲመስል የሚጨመርበት ኬሚካል በዚያ መብራት ሥር ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ የብር ወረቀት ግን ጭልም ብሎ ይቀራል፤ የሚያበሩት የተመረጡ ምልክቶች ብቻ ናቸው። አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ነው። ኪስ ውስጥ ተረስቶ ከሱሪ ጋር በኦሞ የታጠበ እውነተኛ ብርም ያበራል፤ የሳሙናው ኬሚካል ስለሚይዘው። ስለዚህ ባል በሚስቱ ያሳጠበውን ሃምሳ ብር ይዞ ቢመጣ ፖሊስ ከመጥራት በፊት ክሩን ማየት ይሻላል። በውጭ አገር የታወቀችው የመፈተሻ ብዕርም አለች። ቀለሟ አዮዲን ስለሆነ ስታርች ያለበትን ተራ ወረቀት ታጠቁራለች፤ ጥሩ ወረቀት ያገኘ አታሚን ግን አትይዝም።

እዚህ ላይ አብዛኛው ባለሱቅ አንድ ነገር ይስታል። ሁለት መቶውን እንደምንም ያያል፤ ሃምሳውን ዝም ብሎ ያስገባል። በዚህ ጉዳይ የዓለም ሁሉ ባለሱቆች ሊሰሙት የሚገባ የኒው ዮርክ ታሪክ አለ። ኤመሪክ ዩትነር የሚባል ሚስቱ የሞተችበት፣ ውሻ ያለው፣ በቆራሌነት የሚተዳደር ሽማግሌ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ከአፓርታማው ወጥ ቤት ውስጥ በትንሽ ማተሚያ የአንድ ዶላር ኖት ያትም ነበር። የአንድ ዶላር! ከርካሽ ወረቀት ላይ፣ በደበዘዘ ቀለም። የፕሬዚዳንት ዋሽንግተንን ስም እንኳ ፊደላቱን አቀያይሮ ነው የጻፈው። የአሜሪካ የምሥጢር አገልግሎት አሥር ዓመት ሙሉ ፈለገው፤ ስሙን ስላላወቀ በመዝገብ ቁጥሩ 880 ብሎ ይጠራው ነበር። ሰውየው አንድ ሱቅ ሁለት ጊዜ አይደግምም፤ ከአንድ ሰው ከአንድ ዶላር በላይ አይወስድም። ባለሱቆቹስ? ማን አንድ ዶላርን ያያል! በመጨረሻም የያዘው መርማሪ ሳይሆን እሳት ነው። ቤቱ ተቃጥሎ ዕቃው ወደ ጓሮ ሲጣል ልጆች ማተሚያ ቅርጹንና ኖቶቹን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1948 ተያዘ፤ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ተፈረደበትና አራት ወር ያህል ታስሮ ወጣ። የገንዘብ መቀጮው አንድ ዶላር ነበር። በእውነተኛው መክፈሉን ፍርድ ቤቱ ሳያጣራ አይቀርም።

አሁን ደግሞ ወደ ባለሱቋ እንመለስና ያን ሁሉ ሳታደርግ ቀርታ ፎርጅዱ ከእጇ ገባ እንበል። ማታ ብርሃን ላይ ስታየው ክር የለውም። ልቧ ቀጥ ይላል። ቀጥሎ የሚመጣባት ሐሳብ የሁላችንም ሐሳብ ነው፤ "በማን ላይ ልጣለው?"

እዚህ ጋ የሰው ልጅ ፈጠራ ዳር የለውም። አንዱ ለእቁብ ይዞት ይሄዳል፤ ሰብሳቢው ይቆጥራል እንጂ አያይም ብሎ። አንዱ ሠርግ ይጠብቃል፤ አዝማሪው ጫን ብሎ ሲያሞግሰው ከግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ይህ ግን አደገኛ ነው። ላብ የነካው ፎርጅድ ቀለሙን ከአዝማሪው ግንባር ላይ ይተዋል፤ አዝማሪ ደግሞ ዕዳ የሚከፍለው በግጥም ነው፤ የሚቀጥለው ሠርግ ላይ የሰጪው ስም ከነአባቱ ይወሳል። አንዳንዱ እንዲያውም አጥፎ አጥፎ ከሙዳየ ምጽዋት ይጥለዋል። እግዜር ብሩን ወደ ብርሃን አንሥቶ አያይም ብሎ ይሆናል፤ ብርሃኑ የማን እንደሆነ ዘንግቶ።

ሕጉ ግን እንዲህ ያለውን ቀልድ አያውቅም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሚቀጣው ሐሰተኛ ገንዘብ የሚያትመውን ብቻ አይደለም፤ እያወቀ የሚያስተላልፈውንም ነው። እውነተኛ መስሎት ተቀብሎ፣ ኋላ ሲያውቅ ለሌላው የጣለ ሰው ቅጣቱ ቢቀልለትም ከጥፋት አይድንም። የከፋው ነገር ደግሞ ወዲህ ነው። ባለሱቋ ኖቱን ባንክ የወሰደችው እንደሆነ ባንኩ ኖቱን ይይዝባታል፤ ምትክ ግን አይሰጣትም። ስለዚህ ባለሱቋ ሁለት መንገድ ነው ያላት፤ ወይ ወንጀል፣ ወይ ኪሳራ። ሐቀኛ ሰው ሁልጊዜ ሁለተኛውን እንዲመርጥ መጠበቅ ቀላል የሚሆነው ሁለት መቶ ብሩ የሌላ ሰው ሲሆን ነው። ቢሆንም የሚሻለው ያው ነው። ኖቱን ከሌላው ገንዘብ ለይታ፣ ማን፣ መቼ፣ ምን ገዝቶ እንደሰጣት ጽፋ ለፖሊስ ብትሰጥ፣ ሰውየው በሚቀጥለው ሳምንት ጎረቤቷ ጋ ሳሙና ሊገዛ ሲመጣ የሚጠብቀው ይኖራል።

መታለሏ የሚያሳፍራት ከሆነ ደግሞ መጽናኛ አለ። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ፣ ያ ብር የሚያወጣው ራሱ ባንክ፣ ወርቅ ብሎ ገዝቶ ያስቀመጠው ንብረት ውስጥ ወርቅ የተቀባ ብረት መገኘቱ ዓለምን ያነጋገረ ወሬ ነበር። የታወቀውም ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከው "ወርቅ" ብረት ነው ተብሎ ሲመለስ ነው። መርማሪ ኬሚስት፣ ሚዛንና የብረት በር ያለው ቤት ከተታለለ፣ ሻማ ይዛ ዘይት የምትቀዳ ሴት ብትታለል ምን ይደንቃል?

"ምን አስጨነቀኝ፣ በቴሌብር ልቀበል" የሚልም አለ። መልካም ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ስንቱን ከዝርዝር ጣጣ ገላግሏል። ፎርጅዱም ግን ስልክ ገዝቷል። አሁን ባንኮኒው ላይ የሚዘረጋው ወረቀት ሳይሆን የስልክ ስክሪን ነው። "ይኸው ገብቷል፣ እይ!" ይላል ወጣቱ፤ የሚያሳየው ግን ከሳምንት በፊት ለሌላ ሰው የላከበትን ስክሪንሾት ወይም በስልኩ ላይ አስተካክሎ የሠራውን ደረሰኝ ነው። አንዳንዱ ከራሱ ቁጥር የቴሌብርን አጻጻፍ ኮርጆ መልእክት ይልካል። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ከተራ የስልክ ቁጥር የመጣ "ገቢ ሆኗል" የሚል ጽሑፍ ምንም ገቢ አላደረገም። ጠንቃቃ ባለሱቅ የሌላውን ስክሪን አያይም፤ የራሱን ስልክ አንሥቶ በኮከብ 127 መሰላል ገብቶ ቀሪ ሒሳቡን ያያል። ይህ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት በአማራ ክልል ይህን ማወቅ ጥቅም አለው። ኔትወርኩ ጨርሶ ሲጠፋ ግን ወደ ወረቀቱ መመለስ ነው፤ ፎርጅዱም ወደሚወደው ሰዓት።

ለዚህ ሁሉ የሚበጀው ትንሽ ነገር ናት። ባለሱቁ ሁሉንም ብር፣ ከሁሉም ሰው፣ ሁልጊዜ ይይ። አባ እገሌንም፣ የቀበሌውን ሊቀ መንበርም፣ የገዛ እናቱንም። አንዱን አይቶ ሌላውን ከዘለለ ያየው ሰው ይቀየማል፤ ሁሉን ካየ ግን የሱቁ ወግ ይሆናል። ከመደርደሪያው ላይ "ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ" ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ "ብር ሁሉ ይታያል፤ የባለቤቱም ጭምር" የሚል ቢለጥፍ ነገሩ በሳቅ ያልፋል። የተቀበለውን ኖት ደግሞ መልስ ቆጥሮ እስኪሰጥ ድረስ ከቆርቆሮው ባይከተው፣ ባንኮኒው ላይ ቢያቆየው ጥሩ ነው፤ "ሁለት መቶ ነው እኮ የሰጠሁህ" የሚለው ሌላኛው ዓይነት ሌባም እዚያው ይመለሳል። ልጅ ተልኮ ድፍን ብር ይዞ ሲመጣ ማን እንደላከው መጠየቅ ነውር የለበትም። አታላዮች ልጅ ይወዳሉ፤ ልጅ አይጠረጠርማ። ጎረቤት ሱቆችም ቢሆኑ በዋጋ ይፎካከሩ እንጂ በዚህ ነገር መደባበቅ የለባቸውም። አንዱ ጋ ፎርጅድ ሲገኝ ወሬው ያን ማታውኑ ከሱቅ ሱቅ ቢደርስ፣ ትሑቱ ሰው ሳሙናውን ሊገዛ ሌላ ከተማ መሄድ ግድ ይሆንበታል።

ለደንበኛም አንዲት ልመና አለች። ባለሱቁ ብርዎን ተቀብሎ ወደ መብራቱ ሲያነሣ ቢያዩ፣ እባክዎ ጉሮሮዎን አይጥረጉ፣ ወደ ከዘራዎም አይመልከቱ። የሚሰጥዎትን መልስም እርስዎ በተራዎ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩለት። ፎርጅዱ ከእሱም ቆርቆሮ ሊወጣ ይችላል።